የታሰረው ቡሎን

መርማሪዋ ጋራዡ ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የጭሱ ሽታ ግን ገና ከግድግዳው አልለቀቀም። ሽማግሌው መካኒክ ከአሮጌዋ ቀይ የስፖርት መኪና ጎን በጀርባቸው ተዘርግተዋል። የሞተርን ሕመም ሰምተው ብቻ ስለሚለዩ ሰፈሩ «ጋሽ ጆሮ» ይላቸው ነበር።

ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚተፋበትን ቅጽበት፣ ሲያስተካክሉ በሩን መክፈት ረስተው ጭስ አፈናቸው ተባለ። ይህን ቅጽበት የሚያሳየው የታይሚንግ መብራትም ሞተሩ ላይ እንደተሰካ ነው።

«አደጋ ነው፤ ምን ይመረመራል?» አለ ታናሽ ወንድማቸው። እዚያው ጋራዥ ፍሬን ሠሪ ነው።

መርማሪዋ አባቷም መካኒክ ነበሩና ቸኩላ አልመለሰችም። ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብላ ቆየች። መብራቱ የተሰካው በሁለተኛው ካንዴላ ሽቦ ላይ ነው። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ቡሎኑ ጥብቅ ብሎ ታስሯል፤ በላዩም ቢጫ የቀለም መስመር ተሰምሯል። በጣቷ ነካችው፤ ደርቋል። የሟቹ እጆች ደግሞ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ።

ከዚያ ለሟቹ ቅርብ የነበሩትን ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቀች። የሟቹ ሚስት ከእህታቸው ቤት አሥር ሰዓት ላይ ሲመለሱ በሩ ዝግ፣ ሞተሩ እየሠራ እንዳገኙት ነገሯት። ባላቸው ከምሳ በኋላ ጋራዡ ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም ካሉ ዓለም ቢገለበጥ አይሰሙም። ሰሞኑን ግን ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ነበር። ለምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው ሴትዮዋ መሬት መሬት አዩ። የጥርስ ሐኪም የሆነችው የመኪናዋ ባለቤት ደግሞ ጋሽ ጆሮ ስድስት ሰዓት ላይ «ጨርሻለሁ፣ መጥተሽ ውሰጃት» ብለው እንደደወሉላት ተናገረች።

ወንድምየው ግን ስምንት ሰዓት ላይ በበሩ ሳልፍ ሲሠሩ ሰምቻለሁ አለ።

«ምን ሰሙ?»

«ዲስትሪቢዩተሩን ወዲያ ወዲህ ሲያዞሩት፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የጋሽ ጆሮ ወንድም አይደለሁ?»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም መኪናዋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ጥንቁቅ መካኒክ ሥራ ሲጨርስ ቡሎኑን አስሮ ቀለም ያሰምርበታል፤ አባቴም እንዲህ ያደርጉ ነበር» አለች። «ቡሎኑ ከተፈታ መስመሩ ይሰበራል። ይሄ አልተሰበረም። ቡሎኑ ሳይፈታ ደግሞ ዲስትሪቢዩተር አይዞርም። እሳቸው ስድስት ሰዓት ላይ ጨርሰው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ በልተው ተኝተዋል። ስምንት ሰዓት ላይ የተሰማ ሥራ የለም።»

«መብራቱስ?» አለች ሐኪሟ።

«የሚሰካው በአንደኛው ሽቦ ላይ ነው። እዚህ የሰካው ሰው ሥራውን በዓይኑ እንጂ በእጁ አያውቀውም። ፍሬን ሠሪ ለምሳሌ።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ተኝተው ሳለ ሞተሩን አስነሥተው በሩን ዘጉ። በኋላ ትንፋሽዎን ይዘው ገብተው ከመኪናዋ ጎን አስተኟቸው፤ መብራቱንም ሰኩ። ሥራ ላይ እንደሞቱ ለማስመሰል የማይሰማ ነገር ሰማሁ አሉን። ለምን እንዳደረጉት ግን አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ባለቤታቸው።

ባለፈው ወር ገደል የገባው ሚኒባስ ፍሬኑ የተሠራው እዚሁ ነበር። ወንድምየው ያረጀውን የፍሬን ቱቦ ጠርጎ አዲስ ነው ብሎ መልሶታል፤ ሾፌሩ ሞተ። ጋሽ ጆሮ ይህን ደርሰውበት ለፖሊስ ሊናገሩ ቆርጠው ነበር።

የወንድምየው ፊት አመድ መሰለ። «ተኝቶ ነበር፣ እትዬ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምንም አልተሰማውም።»

ሴትዮዋ አላዩትም። ዓይናቸው መርማሪዋ ላይ ነበር።

«ባሌን ‹ከፖሊስ በፊት ለሱ ንገረው፣ ወንድምህ ነው፣ በገዛ እግሩ ሄዶ ይናዘዝ› ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ባሌማ መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ለእኔ ብሎ ነገረው።»

መርማሪዋ ፖሊሶቹ ወንድምየውን ይዘው እስኪወጡ ድረስ የሴትዮዋን ክንድ ደግፋ ቆመች።