ጥጃዋ የበላችው ቆጮ

ጣሊያን ቡታጅራ በገባ በሁለተኛው ዓመት አባቴ ባልቻ ለጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሊድረኝ ቃል ገባ። አስተርጓሚ አማች ካለው ከብቱን የሚነዳበት እንደማይኖር አስቦ ነው፤ አልፈርድበትም። ልቤ ግን ሽባባው ጋ ነበር። መንገድ ሥራ ነው የሚውለው፤ ቡኢ ገበያ የወደቀ ቅቤዬን አንስቶ፣ አቧራውን እፍ ብሎ የሰጠኝ ዕለት ነው የተዋወቅነው።

እንደ ወጉ፣ ሙሽራ ሠርጓ እስኪደርስ ቤት ውላ በቆጮና በቅቤ ትወፍራለች። እምቢ ብዬ ለመጮህ ጉልበቱ አልነበረኝም። ቅቤውን፣ አይቡንና ጎመኑን እየበላሁ፣ እንዳልወፍርላቸው ቆጮውን ጓዳ ለታሰረችው ጥጃ እሰጥ ጀመር።

ሦስት ቀን ራሴን አዞረኝ፤ ሕልሜ ሁሉ ቆጮ ሆነ። በአራተኛው ቀን ረሃቡም ታክቶት ትቶኝ ሄደ። ትንፋሼ ከመጠን በላይ እንደበሰለ ፍሬ ይሸት ጀመር። ጥጃዋ ወፈረች፣ እኔ ከሳሁ።

በስድስተኛው ሳምንት የአስተርጓሚው እናት ሊያዩኝ መጡ። ክንዴን ጨብጠው ሲጠጉኝ ትንፋሼ ሸተታቸውና ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ይህቺ ልጅ ሳንባዋ አልቋል» አሉ። ጋብቻው በዚያው ቀረ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወሬው ግን ቀድሞኝ ቡኢ ደርሷል። ሽባባው እናቱን ወለተጊዮርጊስን ይዞ መጣ። እሳቸው ካልፈቀዱ እንደማያገባኝ አውቃለሁ። እሳቸው ደግሞ ደጃፉን አላለፉም።

«ልጄ፣ አትጠጋት! ነገ የምቀብረው አንተን ነው» አሉት።

«እማማ፣ አልታመምኩም። ቆጮ ብቻ ነው የተውኩት፣ ልጅዎን ብዬ።»

«ቆጮ ስለተወች እንዲህ የምትሸት የታለች?»

ቆጮ መተው ትንፋሽን እንዲህ እንደሚያሸት እኔስ መች አወቅኩት? ለመማል እንኳ ደክሞኝ ነበር።

ሽባባው አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ለእንግዳ ከቀረበው ቆጮ ቆረሰና ወደ አፌ አስጠጋ።

«ግመጪ» አለኝ።

ገመጥኩ። የቀረውን፣ ጥርሴ የነካውን፣ እናቱ እያዩት ጎረሰው።

«ምን አደረግክ?» አሉ እናቱ።

«በላሁ። እንግዲህ ከሞተችም አብረን ነን።»

እናቱ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ጉንጬን አዩ፣ አንገቴን አዩ፤ ክሳት እንጂ ሳል አላገኙብኝም።

«በል እንግዲህ፣ አብላት» አሉ በመጨረሻ።

ሽባባው ሌላ ቆረሰ። ሆዴ ጮኸ። ከስንት ሳምንት በኋላ ራበኝ፤ እያለቀስኩ በላሁ።