ኮሳራ ያጠፋችው ክብ

ኮሳራ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው በሰርቢያ አገር፣ በቫልዬቮ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ግቢያቸው ሰፊ ቢሆንም ለአበባ የሚተርፍ ቦታ የለውም። አባቷ ራዲሳቭ የድሮ መኪኖችን እየገዛና እየጠገነ ስለሚሸጥ ከአጥሩ እስከ ደረጃው ድረስ መኪና ነው። ትንንሾች፣ የፊት መብራታቸው እንደ ዓይን የከበበ፣ አያቶቻችን በወጣትነታቸው የነዷቸው መኪኖች።

ልጆች፣ የድሮ መኪና መግዛት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከላይ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፤ ከሥር ግን ዝገት በልቶት ይገኛል። ስለዚህ ብልህ ገዢ ከመኪናው በፊት ሻጩን ያያል።

ራዲሳቭ ደግሞ የራሱ ልማድ ነበረው። ገዢ ከመምጣቱ በፊት ጠመኔ ይዞ መኪናውን ይዞራል። እንከን ባየበት ሁሉ ክብ ይሥላል። በሩ ከተጫረ፣ ክብ። መብራቱ ከተሰነጠቀ፣ ክብ።

መኪና ሻጩ ጎረቤታቸው ቶዶር በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ይስቅበታል።

"ራዲሳቭ፣ መኪናህን ፈንጣጣ አስያዝከው እኮ!"

"የኔስ ፈንጣጣ በውጭ ይታያል፤ ያንተ ነው ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው!" ይለዋል ራዲሳቭ።

በከተማው ግን፣ "ራዲሳቭ ክብ ካልሣለበት ደህና ነው" ይባል ነበር።

በዚያ ዓመት ግቢው ውስጥ አንድ ሰማያዊ ትንሽ መኪና ነበረ። እናቷ፣ "እሱ ቶሎ ከተሸጠ በበጋው ባሕር እንሄዳለን" ብላለች። ኮሳራ ባሕር አይታ አታውቅም። ነገር ግን የመጡት ገዢዎች ሁሉ ምንጣፉን ገለጥ ሲያደርጉ ከፊተኛው የቀኝ ወንበር ሥር ያለውን ትልቅ ክብ ያያሉ። ወለሉ በዝገት ሳስቷል። ራዲሳቭ ሊበይደው አስቧል፤ የሚሆነውን ብረት ግን ገና አላገኘም። ገዢዎቹም ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ።

አንድ ቅዳሜ ሌላ ገዢ እንደሚመጣ ተነገረ። ኮሳራ ጨርቅ በውሃ ነከረች። ወደ መኪናው ገብታ ምንጣፉን ገለጠችና ትልቁን ክብ ጠርጋ አጠፋችው። ምንጣፉንም እንደነበረ መለሰችው።

"አልዋሸሁም፤ ምንም አልተናገርኩም" አለች ለራሷ።

እናንተ ብትሆኑ ታምኗት ነበር? እሷም ራሷን አላመነችም።

ገዢው መጣ። ቬሊቦር የሚባሉ ንብ አርቢ ሽማግሌ ናቸው። ራዲሳቭ ሌላ መኪና ሥር ተኝቶ ይሠራ ነበር።

"ጋሼ ቬሊቦር፣ እጄ ግራሶ ነው። እስክታጠብ መኪናውን ይዩት። ክቦቹን ያውቋቸዋል አይደል?"

"ክቦችህን የማያውቅ ማን አለ!"

ሽማግሌው ዞር ዞር አሉ። ምንጣፉን ገልጠው አዩ፤ ክብ የለም። መልሰው አለበሱት። ከዚያ የቀኙን ወንበር መታ መታ አደረጉ።

"የኔ ልጅ፣ ሚስቴን ሚሊያናን ያገባሁ ቀን በእንዲህ ያለ መኪና ነበር የወሰድኳት። ዘንድሮ ሃምሳ ዓመታችን ነው። እዚችው ላይ አስቀምጬ ቤተ ክርስቲያን አደርሳታለሁ።"

ኮሳራ ወንበሩን አየች።

"አባባ፣ እሳቸው... ከኋላ ቢቀመጡ አይሻልም?"

"ከኋላ? ሃምሳ ዓመት አጠገቤ የተቀመጠችን ሴት ዛሬ ወደ ኋላ ልሰዳት? በጃንጥላ ነው የምትመታኝ!"

የኮሳራ እናት እንደ አገሩ ልማድ ለእንግዳው አንድ ማንኪያ የፕሪም ማርማላታና ቀዝቃዛ ውሃ አመጣች። ራዲሳቭ እጁን እያደረቀ መጣ።

"ክቦቹን ሁሉ አዩ?"

"ሁሉንም አየሁ። እወስደዋለሁ።"

ራዲሳቭ ደስ አለው። እንከኑን ሁሉ አይቶ የማይሸሽ ሰው በመጨረሻ አገኘሁ ብሎ አሰበ። ሁለቱ ተጨባበጡ።

በዚያ አገር ሻጭና ገዢ ተስማምተው ሲጨባበጡ፣ ሦስተኛ ሰው የተያያዙትን እጆች በመዳፉ ጎን መታ አድርጎ ያላቅቃቸዋል፤ ይህም "መቁረጥ" ይባላል። የቆረጠው ሰው የውሉ ምስክር ነው።

"ነይ ኮሳ፣ ቁረጪልን!" አላት አባቷ።

እጇን አነሣች። አየር ላይ ቀረ።

"ምነው? የሎጥ ሚስት ሆንሽ እንዴ?"

"አልቆርጥም" አለች ኮሳራ። "ሌላ ክብ ነበረ። ምንጣፉ ሥር። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

የተጨባበጡት እጆች ተላቀቁ። ራዲሳቭ ወደ መኪናው ገብቶ ምንጣፉን ገለጠና ወለሉን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ብረቱ እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። በቀዳዳው የግቢው ሣር ታየ።

ቬሊቦር ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ሚሊያና እዚህ ላይ..." አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ።

ራዲሳቭ አልጮኸም። "ሌላ ያጠፋሽው ክብ አለ?" ብሎ ብቻ ጠየቃት።

"የለም አባዬ።"

ራዲሳቭ ትኩር ብሎ ተመለከታት። ከዚያ ጠመኔውን አነሣና በግቢው ያሉትን መኪኖች አንድ በአንድ እንደገና ይመረምር ጀመር። ከጥፊ ይልቅ ይህ አመማት። ትናንት ቢሆን ቃሏ ይበቃው ነበርና።

እያለቀሰች ወደ ሽማግሌው ሄደች። "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ባሕር ለማየት ብዬ ነው።"

"ባሕሩ የት ይሄዳል ብለሽ ነው የቸኮልሽው?" አሏት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞሩ። "ራዲሳቭ፣ ብረቱን ስታገኝ በይደው፤ እመለሳለሁ።"

"ከዚህ በኋላም ከኔ ይገዛሉ?"

"ካንተ ካልሆነ ከማን? መቁረጥ ስትችል እጇን የያዘች ልጅ እኮ ናት ያለችህ።"

በማግሥቱ እሑድ ኮሳራ ከቅዳሴ በኋላ ጥፋቷን ለቄሱ ተናገረች። ብረቱ የተገኘው ዘግይቶ ነው። አባቷ ሲበይድ እሷ ከትምህርት ቤት እየተመለሰች ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች። ጣቶቿ ቀሉ፤ አላማረረችም። በዚያ በጋ ባሕር አላየችም።

በመከር ወራት ቬሊቦር ሚስታቸውን ይዘው መጡ። ሚሊያና አጭር፣ ዓይናቸው የሚስቅ አሮጊት ናቸው። ራዲሳቭን አልፈው በቀጥታ ኮሳራን ጠየቋት።

"የኔ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይህ መኪና እንከን አለው?"

"አለው" አለች ኮሳራ ቀና ብላ። "ወለሉ አሁን ጠንካራ ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ። የቀኙ መስኮት ግን እስከ ላይ አይዘጋም። ዝናብ ከመጣ ትከሻዎን ያርስዎታል።"

ራዲሳቭ ሣቁን በሳል ሸፈነ። ሚሊያናም የቀኙን በር ከፈቱና ገብተው ተቀመጡ።

"ንዳ እንጂ ሰውዬ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አሉ ባላቸውን።

ልጆች፣ የሚሸጥ ሰው እንከኑን ሳይደብቅ ከተናገረ የሚገዛው ሰው ያምነዋልና፣ ጥቅም ቢቀርባችሁም እውነትን አትሸፍኑ።