ልዩ ልዩ ጉዳዮች

«‹ሥራ አስፈጻሚ› የሚለው ጀርባችን ላይ ካልተጻፈ ሰው በምን ያውቀናል?» አለ የስፖርት ተጠሪው።

«በወሬያችን» አለች ምክትል ሊቀመንበሯ።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጸሐፊዋ ብቻ አልሳቀችም። ከሊቀመንበሩ ራስ በላይ የተሰቀለውን ሰዓት እያየች ነበር፤ ለአሥር አምስት ጉዳይ። የተማሪዎች ኅብረት በጃኬት ጉዳይ መከራከር ከጀመረ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ እንዲሆን ተወስኗል። ዚፕ ይሁን ቁልፍ የሚለውም በስንት መከራ አልቋል። አሁን ደግሞ የጀርባው ጽሑፍ መጣ። ልብስ ሰፊው ትእዛዝ የሚቀበለው እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ካለፈ ጃኬቱ ለኮሌጆች ጉባኤ አይደርስም።

አሥር ሰዓት ላይ በሴቶች ማደሪያ ውሃ ይመጣል። ግማሽ ሰዓት ይቆይና ይሄዳል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራው ሻወር አንድ ብቻ ነው፤ የእሱም በር መቀርቀሪያው ከወደቀ ወራት አልፈዋል። ስለዚህ አንዷ ስትታጠብ ሌላዋ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ትቆማለች። «በር መያዝ» ይሉታል።

ዛሬ የምትታጠበው የክፍሏ ልጅ ናት። ድምቢጥ ይሏታል፣ በቁመቷ። የምትማረው አዋላጅ ነርስነት ነው። ባለፈው ሳምንት በር የያዘችላት ልጅ ስልክ ልታነሳ ዞር ስትል የቧንቧ ሠራተኛው ሳያውቅ ከፈተባት። ሰውዬው ከእሷ በላይ ደንግጦ መፍቻውን ጥሎ ሮጠ። የፎቁ ልጆች ሦስት ቀን ሙሉ ሳቁ። ድምቢጥ ግን ከዚያ ወዲህ ሻወር ቤቱን አልረገጠችም። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ማዋለጃ ክፍል የመጀመሪያ ልምምዷ ነው። አስተማሪዋ ከፀጉር እስከ ጥፍር ሳትፈትሽ ማንንም አታስገባም፤ የመለሰቻት ልጅ ልምምዱን የምታገኘው በዓመቱ ነው።

«አንቺ ከያዝሽልኝ እታጠባለሁ» ብላት ነበር ጠዋት። «ሌላ ሰው አላምንም።»

«አሥር ሰዓት። ካልሞትኩ አልቀርም።»

የመቀርቀሪያው ነገር አጀንዳ ውስጥ አለ። ጸሐፊዋ ራሷ፣ ሁሉም በሚያደንቀው የእጅ ጽሕፈቷ፣ አስፍራዋለች፤ ተራ ቁጥር ስድስት፣ ልዩ ልዩ ጉዳዮች። አራት ስብሰባ አለፈ፣ ተራ ቁጥር ስድስት ላይ ሳይደረስ ሰዓቱ እያለቀ። ጥገና ክፍል ሄዳ ስትጠይቅ «በኅብረታችሁ በኩል ይምጣ» ይሏታል። ኅብረቷ ጃኬት ላይ ነው።

እጇን አወጣች። «መውጣት አለብኝ።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ፣ እህቴ» አለ ሊቀመንበሩ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀል ነበር። ኮሌጅ የገባች ቀን ሻንጣዋን ተሸክሞ እስከ ማደሪያው በር ያደረሳት እሱ ነው። ለጸሐፊነት የጠቆማትም እሱ። እናቷ እስካሁን ጎረቤቱን ሁሉ እያስቆመች «ልጄ በገባች በመንፈቋ ተሾመች» ትላለች።

«አምስት ደቂቃ የለኝም።»

«ያለነው ሰባት ነን። አንቺ ከወጣሽ ምልዓተ ጉባኤ የለም፣ ድምፅ መስጠት አንችልም።»

«ምን ያህል ቢያስቸኩል ነው?» አለ የስፖርት ተጠሪው። «ምን ልትሠሪ ነው?»

«በር ልይዝ።»

ወንዶቹ ተያዩ። «የምን በር?»

ጸሐፊዋ ምክትሏን አየቻት። የአንድ ፎቅ ልጆች ናቸው። ምክትሏ እስክሪብቶዋን እያገላበጠች አቀረቀረች። ጸሐፊዋ የቃለ ጉባኤ መዝገቡን በብብቷ ይዛ ወጣች፤ የማደሪያውን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣችው።

ድምቢጥ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ሳሙናዋን ጨብጣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላለች። ውሃው መውረድ ጀምሯል።

«የቀረሽ መስሎኝ...»

«ግቢ! ውሃው አይለመንም።»

በሩ ተዘጋ። ጸሐፊዋ ጀርባዋን አስደገፈች፣ እግሯን ወለሉ ላይ ተከለች። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የለሁም፣ መንፈሴ ነው የሚያወራሽ። ታጠቢ አቦ!»

ድምቢጥ ሳቀች። ከሻወር ቤቱ ሳቋ ሲሰማ ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ምክትሏ እያለከለከች ደረሰች። በሩን ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁሉም ተቀምጠው እየጠበቁ ነው። ሊቀመንበሩ ‹አሟት ወጣች ብላ ትጻፍ፤ ከመውጣቷ በፊት ድምፅ ሰጥታለች እንላለን› ብሏል። አንድ መስመር ናት። ጃኬቱም ይደርሳል፣ አንቺንም የሚነካሽ የለም።»

«ካልጻፍኩስ?»

«ሌላ ጸሐፊ ይፈልጋሉ። የስፖርቱማ ካሁኑ ስም እየጠራ ነው። ተይ፣ ሙድ አትያዢባቸው።»

ጸሐፊዋ እናቷን አሰበቻት። ‹ወረድኩ› ብላ በስልክ ስትነግራት፣ ‹ምን አጥፍተሽ?› የምትለው ታወቃት። ደግሞም አንድ መስመር ነው፤ በአንድ መስመር ማን ይሞታል?

«አለሽ?» አለች ድምቢጥ፣ አፉ ውስጥ ሳሙና እንደገባበት ሰው።

«አለሁ።»

ጀርባዋን ከበሩ ሳታላቅቅ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ሳትቸኩል፣ በዚያው በሚያምር ጽሕፈቷ ጻፈች።

‹የሴቶች ማደሪያ ሻወር መቀርቀሪያ ስለሌለው ጸሐፊዋ በር ልትይዝ ሄዳለች። በዚህ ምክንያት ስብሰባው ጃኬቱ ሳይወሰን ተቋርጧል።›

መዝገቡን አዙራ ለምክትሏ ሰጠቻት። ምክትሏ ቆማ አነበበችው። እንደገና አነበበችው።

«አብደሻል» አለች።

«ይሆናል።»

ምክትሏ ወደ ደረጃው አየች፣ ወደ በሩ አየች። ሁለተኛ ዓመት ናት፤ መቀርቀሪያው ሲወድቅም ነበረች። መዝገቡን ለጸሐፊዋ መለሰችላት።

«ውሃው ስንት ደቂቃ ቀረው?»

«አሥር ቢሆን ነው።»

«እሷ ከወጣች... እኔንም ትይዢልኛለሽ? እኔም ካልተመለስኩ እኮ አምስት ነው የሚቀሩት፤ በውሸትም ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም።»

«ሩጪ» አለቻት ጸሐፊዋ፤ «ፎጣሽን አምጪ።»