በግራ እጅ የተለቀመ ፍሬ

ይህን ታሪክ ከወሬኛ አልሰማሁትም... ከራሷ ከባለታሪኳ አፍ ነው የሰማሁት። ያላመነ አይፈረድበትም፤ እኔም መጀመሪያ አላመንኩም።

ጨለማና ሌሊት የሚጠብቅ ካለ ግን ተሳስቷል።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ጆሃንስበርግ፣ ኬንሲንግተን ሰፈር፣ የካቲት 2015 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ሴትየዋ ፀገነት ትባላለች። ደሴ ሳለች ታዋቂ ጠጅ ጣይ ነበረች። ጂፒ በሚባለው የገበያ መንገድ ላይ ልብስ የምትሸጥበት ቦታ ከተዘጋባት ወዲህ ቤት ውላ ታድራለች፤ እጇ ግን ማረፍ አይችልም። የታጠበውን ታጥባለች፣ የተጠረገውን ትጠርጋለች።

የምትኖረው ከወንድሟ ሚስት ከየአለምወርቅና ከሰባት ወሯ ሕፃን ከረድኤት ጋር ነው። ወንድሟ ገብረሥላሴ አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ቤት የሚመጣው እሑድ እሑድ ነው።

በተከራዩት ቤት ጓሮ አንድ ዛፍ አለ። ያን ሰሞን ጥቁር ፍሬ በዘለላ በዘለላ አንጠልጥሎ ጎንበስ ብሏል። ኤልደርቤሪ ይሉታል። ፀገነት በስልኳ አየች፤ ፈረንጆች ወይን ጠጅ ይጥሉበታል።

«ለፋሲካ ይደርስልናል» አለች።

ሥራው ቀላል ነው። ፍሬው በጣት ሲለቀም ይፈርጣል፤ ስለዚህ ዘለላውን ይዞ እንደ ፀጉር በሹካ ማበጠር ነው። ፍሬው ሳፋው ውስጥ ጠብ... ጠብ... ይላል። ቀጫጭኑ ጭራሮ ግን መርዝነት ስላለው ይጣላል። ጥሬ ፍሬውም ሆድ ይበጠብጣል፤ ካልፈላ አይበላም።

ማክሰኞ ዕለት ከዛፉ ሥር ተቀምጣ የቆረጠችውን ዘለላ ማበጠር ጀመረች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልኳ ቤት ውስጥ ጮኸ። ገባች። አምስት ደቂቃ ብታወራ ነው።

ስትመለስ ሳፋው ሞልቶ ነበር።

ትታው ስትሄድ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። አሁን ግን ሙሉ ነው... ከቆረጠችው አንድም የቀረ ዘለላ የለም።

እሷ ጭራሮውን የምትጥለው በቀኟ ነው። አሁን በግራ በኩል ተከምሯል። ሹካውም በግራ በኩል ተቀምጧል።

ወደ መኝታ ቤት ገባች። የአለምወርቅ ገና እየነቃች ነው።

«አለሜ... ፍሬውን አንቺ ነሽ?»

«የቱን ፍሬ?»

«የጓሮውን።»

«እኔማ ረድኤትን አቅፌ ተኝቼ ነበር፣ እትዬ። ምነው?»

«ምንም።»

በቤቱ ውስጥ ግራኝ የለም። የሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ሰው ግን፣ ያየውን ሁሉ አያወራም።

ፍሬውን አፈላች፣ አቀዘቀዘች፣ ስኳርና እርሾ ጨምራ ማድ ቤት በትልቅ ባልዲ ውስጥ ጣለችው። አፉን በነጠላ ጨርቅ ሸፍና አሰረችው። ጠዋትና ማታ ማማሰል ብቻ ነው የቀራት።

ረቡዕ ጠዋት ልታማስል ስትሄድ ማማሰያው እርጥብ ነበር።

ሐሙስም እርጥብ ነው... የጨርቁ ቋጠሮም የእሷ ቋጠሮ አይደለም።

ፈትታ አየችው። ወይኑ በደንብ ተማስሏል። አረፋው ወደ አንድ አቅጣጫ እየዞረ ነበር። ቀስ... እያለ።

ገና አሁን የተማሰለ ነው፤ ከማድ ቤቱ ግን ማንም አልወጣም። እሷ ብቻ ናት የገባችው።

ከዚያ ምልክቶቹን ማየት ጀመረች።

አንድ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የጣት አሻራ... የማድ ቤቱ በር እጀታ ላይ።

ሌላ... ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ ከእሷ ራስ በላይ።

ሌላ... መኝታ ቤቱ በር ጠርዝ ላይ።

ፀገነት እጇን አየች። የፍሬው ቀለም አይለቅም፤ ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ጠቁረዋል። «እኔው ነክቼው ይሆናል» አለች ለራሷ። ተንጠራርታ ግድግዳው ላይ ያለውን ልትነካ ሞከረች። አልደረሰችበትም።

በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። ወንበር ላይ ቆማ።

ለየአለምወርቅ ምንም አልነገረቻትም። ብትነግራት ምን ልትል ነው? ወንድሟን «እህትህ አብዳለች፣ ውሰዳት» እንዳትለው ፈራች።

ዓርብ መጣ።

ሎድሼዲንግ ነው። መብራት ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የለም። ፍሪጁም ዝም፣ ቴሌቪዥኑም ዝም። የአለምወርቅ ከፊት ለፊቱ ግቢ ልብስ ታሰጣለች። ረድኤት መኝታ ቤት ተኝታለች። ፀገነት ሳሎን ተቀምጣ ትነሳለች፣ ተነስታ ትቀመጣለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ከማድ ቤት ድምፅ ሰማች።

ጠብ...

ጠብ...

ጠብ...

የሚበጠር ፍሬ የለም። የተቆረጠው ሁሉ ማክሰኞ አልቋል።

በቀስታ ሄደች። በሩን ገፋ አደረገችው። ማንም የለም። ሳፋው ግን ወለሉ መሃል ተቀምጧል፤ ሩቡ ድረስ ትኩስ ፍሬ አለበት። በመስኮት ወደ ዛፉ አየች። እሷ በመሰላል እንኳ ያልደረሰችበት ጫፍ... ባዶውን ቀርቷል።

ድምፁ ቆሟል።

ከዚያ ከመኝታ ቤት ረድኤት ሳቀች።

ሕፃን ሲያጫውቱት የሚስቀውን ሳቅ ነው የሳቀችው።

ፀገነት ሮጠች። ልጅቷ አልጋው ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላለች። ገና ያለ ድጋፍ መቀመጥ አትችልም ነበር... ግን ተቀምጣለች። አፏ፣ አገጯ፣ አንገቷ ድረስ ወይን ጠጅ ሆኗል። እያኘከች ነው።

ፀገነት ጣቷን ወደ ልጅቷ አፍ ሰደደች። ፍሬ አወጣች። ጥሬ ነው። ሌላ አወጣች። ሌላ...

«ምን እያደረግሽ ነው?»

የአለምወርቅ በሩ ላይ ቆማለች። እርጥብ ልብስ ክንዷ ላይ አለ። የልጇን አፍ አየች... ከዚያ የፀገነትን ጣቶች አየች።

«አለሜ፣ እኔ...»

«ምን አበላሻት?»

«እኔ አይደለሁም።»

«እጅሽን እያየሁት ነው።»

«እትዬ» አላለችም። ፀገነት እንደነገረችኝ፣ ከሁሉ የከፋባት ይሄ ነበር።

የአለምወርቅ ልጇን ነጥቃት ወደ ጎረቤት ሮጠች። ጎረቤታቸው ዛሂራ መኪና አላት፤ የማድ ቤቷ መስኮት ከአጥሩ በላይ ጓሯቸውን ያሳያል። አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ቁልፏን አንስታ ወጣች። ፀገነትም ማንም «ነይ» ሳይላት ከኋላ ገባች።

መኪናው መንገድ ሲወጣ ዛሂራ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች።

«ሌላዋ ሴትዮ ቤት ቀረች?» አለች በእንግሊዝኛ።

«የትኛዋ?» አለች የአለምወርቅ።

«ረጅሟ... ከሰዓት ከሰዓት ልጅቷን ይዛ ከዛፉ ሥር የምትቀመጠው። ዘመዳችሁ መስላኝ ነበር።»



«ከሰዓት ከሰዓት...» አለች የአለምወርቅ ቀስ ብላ። «ከሰዓት እኮ እኔ አቅፌያት ነው የምተኛው።»

ዛሂራ መልሳ አላየችም። እግሯን ነዳጁ ላይ ጫን አደረገች።

ክሊኒክ ውስጥ ረድኤት ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ነርሷ የበላችው ትንሽ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ ጥቂት ሰዓት አቆይታ ደህና ናት አለች። ልብሷን ልትቀይርላት አገላብጣ ስትገፍፍላት እጇን አቆመች። ሹራቧን ለእናቷ ሰጠቻት።

የሹራቡ ጀርባ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የመዳፍ ምልክት አለ። አምስቱም ጣት።

የአለምወርቅ ሹራቡን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። የራሷን እጅ ከላዩ አደረገች። ምልክቱ ከጣቶቿ ጫፍ አልፎ ይታያል።

«እጅሽን አምጪ» አለች ፀገነትን።

ፀገነት ቀኟን ዘረጋች። አልገጠመም፤ አውራ ጣቱ በተቃራኒው በኩል ነው። ግራዋን አደረገች። ምልክቱ በአንድ አንጓ ይበልጣታል።



«ይቅር በይኝ፣ እትዬ» አለች የአለምወርቅ።

ፀገነት የወንድሟን ሚስት እጅ ያዘች።

ወደዚያ ቤት አልተመለሱም። ገብረሥላሴ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በቀን ሄዶ ዕቃቸውን አወጣ። ወይኑን ሊደፋ ማድ ቤት ሲገባ አጣው። ባልዲው ባዶ ነው፣ ታጥቧል፣ ተደፍቶ እንዲደርቅ ተቀምጧል።

ቴምቢሳ ሰፈር ውስጥ አንድ የሚያውቁት ሰው ከስፓዛ ሱቁ ጀርባ ክፍል ሰጣቸው። ጠባብ ነው። ቀን ሙሉ ሰው ይወጣል፣ ይገባል። ልጆች «ሳውቦና!» ብለው ሰላም እያሉ ዳቦ ይገዛሉ። ፀገነት ወይን ጠጅ የሚባል ነገር አልነካችም፤ ጣቶቿም ቀስ በቀስ ለቀቁ። ሁለት ወር በሰላም አለፈ። የአለምወርቅ መሳቅ ጀመረች።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ሁለቱ ሴቶች የክፍሉ በር ላይ ቆመው ከጆንያ ሽንኩርት ይመርጣሉ። ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። ረድኤት ምንጣፉ መሃል ተቀምጣ በጠርሙስ ክዳን ትጫወታለች።

ክዳኑን ጣለችው።

ቀና ብላ ባዶውን ግድግዳ አየች። ፈገግ አለች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች... ሕፃን «አንሱኝ» ሲል እንደሚያደርገው።

«ማንን ነው?» አለች የአለምወርቅ በሹክሹክታ።

ፀገነት የልጅቷን እግር እያየች ነበር።

ማንም ሳይነካት ከተቀመጠችበት ወደ ላይ ተነሳች፤ ተረከዞቿም ከምንጣፉ ለቀቁ።