ጣውላውን የያዘው እጅ

አቶ ዑቅባማርያም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኬንያ ውስጥ ፓርክላንድስ ባለው እንጨት ቤታቸው ውስጥ፣ ከባንድሶው ሥር በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። ባንድሶው ስለቱ እንደ ቀበቶ በሁለት መዘውር ላይ የሚዞር ትልቅ መጋዝ ነው፤ የገደላቸው ግን መጋዙ አይደለም። ጆሮ ግንዳቸውን የመታው የእንጨት መዶሻ ሰጋቱራው ላይ ወድቋል። መዶሻው ደግሞ የሠራተኛቸው የነብያት ነበር።

ነብያት የፖሊስ መኪና ስታይ በጓሮ አጥር ልትዘልል ስትል ተያዘች። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ኪፓንዴ፣ ማለትም የኬንያ መታወቂያ፣ የላትም። ገደለች ከተባለች እስር ቤት ትገባለች፤ ባትባልም ወረቀት ስለሌላት በሞያሌ በኩል ትመለሳለች። ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ማን እንደሚጠብቃት ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ኢንስፔክተር ሙቲሶ አስተርጓሚ ሲፈልግ ወይዘሮ የውብዳርን አስጠራ። አዲስ አበባ በወንጀል ምርመራ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሠርተው፣ አሁን እዚያው ሰፈር ሹራብ የሚሸጡ ሴት ናቸው። የተጠሩት ለምላሳቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ዐይናቸውን ቤት ትተው የሚወጡ ሰው አልነበሩም።

ሬሳውን ዐይተው አማተቡና ወደ መጋዙ ዞሩ። ወፍራም ጣውላ በጠርዙ ቆሞ፣ ቀጥ ያለውን የብረት ማስደገፊያ ተጠግቶ፣ ግማሹ ድረስ ተሰንጥቋል። እጃቸውን ሲዘረጉ አንጋፋው አናጢ አለኸኝ ከለከላቸው።

«እትዬ፣ አይንኩት! ምቩሌ የሚሉት እንጨት ነው። አቧራው ዐይን ያሳብጣል፤ እኛ ስለለመድነው ነው።»

«ይኼን የሚያህል ጣውላ ብቻቸውን ነው የሚሰነጥቁት?»

«ኧረ በጭራሽ። አንዱ ይገፋል፤ አንዱ ከጎን ቆሞ ጣውላውን ከማስደገፊያው ጋር ያጣብቃል። አለዚያ ስለቱ ወደ ፈቀደው ይሄዳል። ሁልጊዜ የምትይዝላቸው ነብያት ነበረች። ደግሞ ሐሰት አልናገርም፤ ሙጫ ልገዛ ወደ ሱቅ ስወጣ ‹ዛሬ አንቺን አልፈልግም፣ ከፊቴ ሂጂ› ሲሏት ሰምቻለሁ።»

የውብዳር ይህንንም ሳይሸራርፉ ተረጎሙት። ሙቲሶ ጻፈ።

«ጣውላውን አውጥተህ ስንጥቁን ክፈትልኝ» አሉት አለኸኝን።

ከፈተላቸው። የስንጥቁ ሁለት ፊት ከመነሻው ጀምሮ እንዳረረ ዳቦ ጠቁሯል። መጨረሻ ላይ አራት ጣት ያህል ብቻ ጥቁረቱ ጠፍቶ፣ ቀጥ ብሎ የመጣው መስመር ወደ ግራ ሸሽቷል። አለኸኝ ፊቱን አጨማደደ፤ አፉን ሊከፍት ሲል የውብዳር በዐይናቸው ገሠጹት።

ነብያት በካቴና ታስራ ጓሮ ተቀምጣለች።

«ለምን አባረሩሽ ልጄ?»

«አላባረሩኝም። ‹ጓሮ ሆነሽ ወንበሮቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊ፤ እስክጠራሽ እንዳትመጪ› ነው ያሉኝ። ተቆጥተው ነበር፤ በእኔ ግን አልመሰለኝም። በኋላ መጋዙ ሳይቆርጥ በባዶው ሲዞር ሰማሁ። ብጣራ መልስ የለም። ገብቼ ሳያቸው ጮኽሁ...» አቃታት። «እትዬ፣ ሞያሌ ከሚወስዱኝ እዚሁ ይግደሉኝ በሏቸው!»

የውብዳር ይህንን አልተረጎሙም። ለልጅቷ አዘኑ፤ ግን ሐዘን ማስረጃ አይሆንም።

የሟች ሚስት ሉቺያ ከቅዳሴ እንደተመለሰች ነጠላዋን ሳታወልቅ ደርቃ ተቀምጣለች።

«እሷ ናት! ያበላናት እሷ ናት!»

«ትሆናለች። ባለቤትሽ ሰሞኑን ምን ከብዷቸው ነበር?»

ሉቺያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሦስት ሰው እዚህ በስደተኝነት ተመዘገበ፤ የሦስቱም ወላጆች አገር ቤት ታሰሩ። ‹ስማችንን ለአገር ቤት የሚያቀብል ከመካከላችን አለ፤ ነገ ብቻውን አግኝቼ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ› ብሎኝ ነበር ትናንት። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ከሁሉም አብዝቶ የሚያለቅሰው ባንታየሁ ነበር። ለእንጨት ቤቱ ከላቪንግተን ሰፈር ደንበኛ ያመጣል፤ እንግሊዝኛ ስለሚችልም የስደተኛውን ሁሉ ፎርም ይሞላል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው እንዲሉ፣ ከሚስቲቱ ይልቅ የእርሱ ዐይን አብጦ ሊደፈን ደርሷል።

«መቼ ደረስክ?»

«ከማታቱ ታክሲ ስወርድ የነብያትን ጩኸት ሰማሁ። ከበሩ አላለፍኩም። ደም ማየት አልችልም።» አንገቱን አከከ። «እንደ ወንድሜ ነበር እኮ!»

የውብዳር ከሙቲሶ ጋር በእንግሊዝኛ ጥቂት ተነጋገሩና ሁሉንም መጋዙ ዙሪያ ሰበሰቡ። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«አለኸኝ፣ ጣውላ የሚይዝ ሰው እጁን የት ነው የሚያሳርፈው?»

«ከስለቱ በፊት ነዋ፤ ገና ባልተቆረጠው ላይ።»

«ከስለቱ ኋላ ቢጫንስ?»

«የተሰነጠቀው ተመልሶ ይገጥምና ስለቱን ይቆነጥጠዋል። እንጨቱ ያራል። ልክ እንደዚህ...» አለና ጥቁሩን ጣውላ በጣቱ አሳየ።

«አያችሁ» አሉ የውብዳር። «መስመሩ ቀጥ ብሎ ስለመጣ፣ ጣውላውን የያዘ ሰው ነበር። ስለጠቆረ፣ ያ ሰው የመጋዙን ጥርስ ፈርቶ ከስለቱ ኋላ የተጫነ ጀማሪ ነው። ነብያት ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርታዋለች?»

«ሁለት ዓመት» አለ አለኸኝ። «አንድም ጣውላ አላቃጠለችም።»

«መጨረሻ ላይ ጥቁረቱ ጠፋ፤ መስመሩም ጠመመ። ያዡ እጁን ያነሣው እዚያ ላይ ነው። አቶ ዑቅባማርያም ዐይናቸው ስለቱ ላይ ስለነበር ገና እየገፉ ናቸው። እርሱ ግን አጠገቡ ያገኘውን መዶሻ አነሣ።»

የውብዳር ወደ ነብያት ዞሩ።

«ሟች ነብያትን ያራቋት ከእንግዳቸው ጋር ለብቻቸው ሊነጋገሩ ነው። ጣውላ ያስያዙትም ጥያቄው ሲመጣ ጥሎ እንዳይሄድ ይመስለኛል። የሦስቱንም ሰዎች ስምና የወላጆቻቸውን አድራሻ የጻፈው ማን ነው?»

የሁሉም ዐይን ወደ ባንታየሁ ዞረ።

«ፎርም መሙላት ወንጀል ሆነ?» አለ።

«አይደለም። ግን ምቩሌ ላልለመደው ዐይን ያሳብጣል፣ አንገት ያሳክካል። ሉቺያ ባሏ ሞቶባት ዐይኗ ቀላ እንጂ አላበጠም። አንተ ከበሩ አላለፍኩም ብለሃል፤ መጋዙም ከጩኸቱ በኋላ አልቆረጠም። አቧራው የት አገኘህ?»

ባንታየሁ አንገቱን ሊያክ ያነሣው እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠ።

«አገር ቤት ታናሽ ወንድሜን ይዘውብኛል» አለ። «ስም በላክሁ ቁጥር አንድ ደብዳቤ ከእሱ ይመጣልኛል። ዛሬ ዑቅባማርያም ‹ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ። የወንድሜ ነገር አበቃ ማለት ነው። እጄ ቀደመኝ።»

ሉቺያ ቀስ ብላ ተነሥታ የነብያት እግር ላይ ልትወድቅ ስትል፣ ልጅቷ በታሰረ እጇ ደግፋ ያዘቻት። ሁለቱም አለቀሱ።

ሙቲሶ የባንታየሁ ቃል ሲተረጎምለት ካቴናውን ፈታና ለባንታየሁ አደረገው። ከዚያ ወደ ነብያት ተመልሶ «ኪፓንዴ?» አላት።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሉቺያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ነፃ መውጣቷ ለካ ወደ ሞያሌ መውጣት ነው።

ሙቲሶ ወደ ወይዘሮ የውብዳር ዞረ። «ማማ፣ መጋዙ በባዶው ሲዞር የሰማች እሷ ብቻ ናት አይደል?»

«እሷ ብቻ ናት።»

ተቀምጦ አንድ ገጽ ጻፈ፤ ፈርሞ ማኅተም መታበትና ለነብያት ሰጣት። ልጅቷ ወረቀቱን ለመንካት ፈራች።

«ምን ይላል እትዬ? ይንገሩኝ፤ እችለዋለሁ።»

የውብዳር መነጽራቸውን አደረጉ። እየተረጎሙ አነበቡላት።

«‹ነብያት የዚህ ክስ ዋና ምስክር ስለሆነች፣ ፍርዱ እስኪያልቅ ድረስ ከኬንያ ምድር እንዳትወጣ ታዝዛለች› ይላል።»