ሦስቴ ያሸነፉት ጥቁር ቁልፎች

ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ከስፌት ክፍሉ መጋረጃ ጀርባ ሆና፣ እናቷ ለአክስቷ ስታወራ ሰምታ ነበር። ግማሹን ረስታዋለች። ወሬው እናቷ ጋር ትሰፋ ስለነበረች አንዲት ሴት ነው፤ መቀስ ይሁን መርፌ ጠፍቶ፣ እናቷ ጠርጥራ አባረረቻት፤ ዕቃው በኋላ ከስፌት መኪናው ሥር ተገኘ። ጥርት ብሎ የቀረላት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አጣርቼ ቢሆን ምን ነበረበት? እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሰው ሁሉ ላይ ዓይኗን ስለምትጥል ክፍሉ «መርማሪ» ይላታል። የዛሬዋ ተጠርጣሪ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከጎኗ ያልተለየችው ጓደኛዋ፣ «ጥድፊያ» ናት።

የባዮሎጂ አስተማሪው በየጠረጴዛው ከረጢት አስያዛቸው። ውስጡ አሥር ጥቁርና አሥር ነጭ የልብስ ቁልፍ ይገባል። ከረጢቱ የጥንቸሎች መንጋ ነው እንበል፤ ቁልፎቹ የጸጉር ቀለም የሚወስነው ዘረመል ሁለት ዓይነቶች፣ አሊሎች ናቸው። ሳያዩ አሥር ያወጣሉ። የወጡት «ወለዱ» ተብሎ ለእያንዳንዱ አንድ መሰሉ ይጨመርለታል፤ ያልወጡት ዘር ሳይተኩ ቀሩ። ይሄ አንድ ትውልድ ነው፤ ሃያዎቹ ተመልሰው ይገባሉና እንደገና ይወጣል። የሚመርጥ ነገር ከሌለ መንጋውን የሚነዳው ዕድል ብቻ ነው አለ አስተማሪው። መንጋው ትንሽ ከሆነ ዕድል አንዱን ቀለም ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

በሌሎች ጠረጴዛዎች አንዴ ነጩ፣ አንዴ ጥቁሩ ጠፋ። የእነሱ ከረጢት ግን ከመጀመሪያው ሦስት ጊዜ ተጀምሮ ሦስቴም ጥቁር አሸነፈ። እጇን የምትከተው ጥድፊያ፣ የምትጽፈው መርማሪ ነበሩ። ጥድፊያ ደግሞ ቶሎ ለመውጣት ስትቁነጠነጥ ነው የቆየችው። ውጤት የፈበረከ ዜሮ ያገኛል ተብሏል፤ ጥድፊያ ዜሮ ካገኘች ክፍሉን መድገሟ ነው።

«እያየሽ ነው አይደል የምታወጪው?» አለቻት መርማሪ።

«አንቺ ደሞ ጀመረሽ። ቁልፍ አይቼ ምን ላገኝ?»

ሹክሹክታው ኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። እስኪደወል ድረስ ጥድፊያን «ዓይናማዋ» እያሉ ሳቁባት። ጥድፊያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። መርማሪ፣ ጥድፊያ እያየች እንዳወጣች ለአስተማሪው ማስታወሻ ጽፋ፣ ነገ ለመስጠት ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ቤት ስትገባ እናቷ ዓይኗን ከስፌቱ ሳትነቅል ከቁልፍ ቆርቆሮው አንድ ጥቁር ቁልፍ መዝዛ አወጣች። ሳታይ እንዴት እንዳወቀችው ጠየቀቻት።

«የካፖርት ነዋ። ከጀርባው እግር አለው፣ ጣት ይይዘዋል። ነጩ የሸሚዝ ነው፤ ስስ ስለሆነ ያሟልጫል።»

መርማሪ ቆርቆሮውን ወደ ራሷ ሳበች። የእነሱን ጠረጴዛ ቁልፎች ከዚሁ ቆርቆሮ ዘግና ትምህርት ቤት የወሰደቻቸው ራሷ ናት።

ዓይኗን በመሃረብ አስራ ሞከረች። ሰባት ጥቁር ወጣ፣ ቀጥሎ ስምንት፤ በአምስተኛው ትውልድ ነጭ የሚባል አልቀረም። ማንም ሳያጭበረብር እጅ ራሱ ይመርጥ ነበር። ከዚያ የሸሚዝ ቁልፎች ብቻ ወስዳ ግማሾቹን በቀለም ነካክታ አደረቀች። አንዴ ባለቀለሙ ጠፋ፣ አንዴ ነጩ። ይሄኛው ዕድል ነው። ስለዚያች ስለተባረረችው ሴት እናቷን ልትጠይቃት ፈለገችና፣ መኪናው ላይ የጎነበሰ አንገቷን አይታ ተወችው።

ማስታወሻውን ቀድዳ፣ ሳይመሽ ጥድፊያ ቤት ሄደች። ጥድፊያ በር ላይ ጫማ እያጠበች ነበር። ሁሉንም ነገረቻት። ጥድፊያ ብሩሿን ሳታቆም አዳመጠችና ለቲቸር ተናግራ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ጽፌ ነበር። ቀደድኩት።»

«ጽፈሽ ነበር» አለች ጥድፊያ፤ ጫማውን አስቀመጠች። «ነገ ፊት ወጥተሽ ቁልፎቹን ማን እንዳመጣ ትናገሪያለሽ። ከዚያ ሁሉም እያየ ራስሽ ታወጫለሽ።»

መርማሪ ሰሌዳ ፊት ከመቆም ጥርሷን ቢነቅሏት ትመርጣለች።

«ዓይኔን ጨፍኜ?»

«ጨፍነሽ መሆኑን በምን አምንሻለሁ? የማስርሽ እኔ ነኝ።»

መርማሪ መሃረቡን ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት።

«እሺ» አለች። «ጠበቅ አድርገሽ እሰሪኝ።»