የኩመራ ሳጥን እውነት እስኪናገር

ይኸው ለሦስተኛ ቅዳሜ ኢብሴ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆማ ቀረች። ኩመራ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ የኤሌክትሪክ ብስክሌቱን ሽቦ ይነካካል። ሲነሡ እጀታው ላይ የታሰረችው ሳጥን «ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ያስኬዳል» ብላ ነበር። አምስት እንኳ ሳይሞላ ቀጥ።

ኩመራ መቱ ውስጥ ስልክ ጠጋኝ ነው። ሞተሩን ብስክሌቱ ላይ የገጠመው ራሱ፣ ባትሪው ስንት እንደሚያስኬድ የምታሰላውን ትንሽ ኮምፒዩተርም የሠራት ራሱ። ኢብሴን ያወቃት ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ ወጥታ የተበላሸ ስልክ ስታመጣ ነው። ስልኩ በአንድ ቀን ዳነ፤ እሷን ግን ሦስት ቀን አመላለሳት። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትወጣ ቁልቁል ወደ ሶር፣ አያቷ ቤት ያደርሳታል፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ መጥቶ ዳገቱን ወደ መቱ ያወጣታል።

አያቷ እትዬ ሽብሬ፣ እሷ «አኮ» የምትላቸው፣ ሰላም አጡ። ዝናብ ቢመጣስ? ጫካው መሀል ቢቆምስ? ያቺን የመሰለች ልጅ ሽቦ ላይ አስቀምጦ! ሽማግሌ ልላክ ሲላቸው ቁርጡን ነገሩት፤ ጠዋት ተነሥተው መቱ ሲወጡ ሳጥኑ እውነት የተናገረ ቀን ይቀበሉታል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሆነ ልጅቷ ቡሬ አጎቷ ዘንድ ትሄዳለች።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቅዳሜ ቀረ።

«ሽቦው ደህና ነው» አለ ኩመራ፤ መፍቻውን ወረወረው። «በየሳምንቱ የተማረችውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ አስተምራታለሁ። ምን ላድርግ ከዚህ በላይ?»

«መቼ ነው የምታስተምራት?»

«አመሻሽ፣ አንቺን ሳደርስ።»

«ስትመለስስ?»

ጭቃውን ከጣቱ ጠረገ።

«አጠፋታለሁ። አንቺ ከወረድሽ በኋላ ምኑን ልቁጠረው?»

ኢብሴ ልትቆጣ ነበር፤ አልሆነላትም። ሳጥኗ እኮ ቁልቁለት ብቻ ነው የምታውቀው!

ያን ሳምንት ሳጥኗ ዳገቱንም ተማረች። በመጨረሻው ቅዳሜ እትዬ ሽብሬ ነጠላቸውን አጥብቀው ደጅ ወጡ።

«ስንት ይላል?»

«ስምንት» አለ ኩመራ።

«መንገዱ አሥራ አንድ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ እትዬ። ሦስቱን እየገፋሁ አደርሳታለሁ።»

እትዬ ሽብሬ ሳጥኗን አዩ፣ ልጁን አዩ። እነሱ ከታጠፉ በኋላም ከአጥሩ አልተነሡም።

ረፋድ ላይ ለኢብሴ ደወሉ።

«የት ቆመ?»

«ስምንት ላይ፣ አኮ።»

«ገፋ?»

«ሁለታችንም ገፋን።»

«ጫማሽ በሰበሰ በይኛ!» አሉ። «በይ፣ ሽማግሌዎቹ እሑድ ይምጡ። እነሱን ግን በመኪና ያምጣቸው።»